ቫይታሚን ሲ ለከባድ ቃጠሎ፦ በ12ኛው ቀን ክኒን ልስጠው ወይ?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፤ ክብደቱ 60 ኪሎ ገደማ ነበር። ጋዝ ፈንድቶ ፊቱን፣ ደረቱን፣ ሁለት እጁንና ጭኖቹን አቃጥሎታል። ሐኪሞቹ 40 በመቶ ነው ብለውናል። ሆስፒታል ከገባ ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው። አንድ ጊዜ ቆዳ ተተክሎለታል፤ ሌላም ይቀረዋል። ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ የቃጠሎ ሕመምተኛን ሕይወት እንደሚያድን አንብቤ ለሐኪሙ ብነግረው ‹አሁን አያስፈልገውም› አለኝ። ዘመድ ባለ 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ እና ሴሌኒየም ልኮልናል። ቫይታሚን ስለሆነ አይጎዳውም ብዬ በጭማቂ ልሰጠው አስቤያለሁ። በቀን ስንት ልስጠው? የቫይታሚን ኢውን እንክብል አፍርጬ የዳነው ቆዳ ላይ ብቀባውስ ጠባሳውን ይቀንስለታል?»

ምላሽ፦

አይስጡት። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ሳያውቁ አንዲትም ክኒን እንዳይሰጡት። ያነበቡት ነገር ውሸት ሆኖ አይደለም። ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ ለከባድ ቃጠሎ የሚሰጡ የቃጠሎ ማዕከላት አሉ። ግን ያ ሕክምና የሚሰጥበት ሰዓት ሌላ ነው፣ መንገዱ ሌላ ነው፣ የሚፈለግበትም ምክንያት ሌላ ነው። እጅዎ ላይ ካለው ብልቃጥ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሰፊ ቃጠሎ የቆዳ ጉዳት ብቻ አይደለም። ከአንድ አዋቂ ሰው ቆዳ ከ20 በመቶ በላይ ሲቃጠል መላ ሰውነቱ ይታመማል። በተጎዳው ሥጋ ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ነገሮች በብዛት ይመረታሉ። እነዚህ ኤሌክትሮን የጎደላቸው፣ የጎደላቸውን ለመሙላት ካጠገባቸው ካለው ሁሉ የሚነጥቁ ሞለኪውሎች ናቸው። የሕዋሳትን ሽፋን ይጎዳሉ፤ የቀጫጭን ደም ስሮችን ግድግዳም ያሳሳሉ። ያኔ ደም ስሩ እንደ ወንፊት ማንጠብጠብ ይጀምራል። የደሙ ውሃና ፕሮቲን እየሾለከ ወደ ሥጋው ይገባል። ወንድምዎን በመጀመሪያው ሌሊት አይተውት ከሆነ ያስታውሱታል፤ የዓይኑ ቆብ አብጦ ተከድኖ፣ ከንፈሩ ተነፍቶ፣ ጣቶቹ ተወጥረው፣ ወንድሜ እሱ ነው ለማለት እስኪያስቸግር ድረስ። ያ እብጠት ከደም ስሩ የወጣ ውሃ ነው። ደም ስሩ ውስጥ ደግሞ የሚዘዋወረው አንሷል። ግፊት ይወርዳል፤ ኩላሊትም ሽንት መሥራት ይቀንሳል።

በመጀመሪያው ቀን ፈሳሽ በሊትር በሊትር የሚሰጠው ለዚህ ነው። ፓርክላንድ የሚባል የታወቀ ቀመር አለ፦ 4 ሚሊሊትር ሲባዛ በክብደት፣ ሲባዛ በተቃጠለው በመቶኛ። ለወንድምዎ 4 በ60 በ40 ሲባዛ 9,600 ሚሊሊትር ይመጣል። ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ በ24 ሰዓት ማለት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከተቃጠለበት ሰዓት ጀምሮ ባሉት 8 ሰዓታት ውስጥ መግባት አለበት። ቀመሩ መነሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሽንቱ መጠን እየታየ ይጨመራል ወይ ይቀነሳል። ይህ ሁሉ ፈሳሽ ሕይወት ያድናል፣ ሲበዛ ግን ራሱ ይጎዳል። ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሆድን እንደ ከበሮ ወጥሮ ኩላሊትን ደም ያሳጣል። ስለዚህ ሐኪሞች ለዓመታት ሲፈልጉ የኖሩት ፈሳሹን የሚቀንስላቸው ነገር ነው። ቫይታሚን ሲ ወደ ቃጠሎ ሕክምና የገባው በዚህ በኩል ነው። ለፍሪ ራዲካሉ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ያበርደዋል፤ የደም ስሩ ግድግዳ ብዙ ሳይሳሳ ከቆየ የሚሾልከው ያንሳል፣ የሚያስፈልገው ፈሳሽም ያንሳል። ሐሳቡ ይኸው ነው።

በጣም የሚጠቀሰው ጥናት ጃፓን ውስጥ ተሠርቶ በ2000 የታተመው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። 37 ሕሙማን ነበሩ፤ ሁሉም ከ30 በመቶ በላይ የተቃጠሉ። ግማሽ ያህሉ በየሰዓቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 66 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ በደም ስር፣ ለ24 ሰዓት ሳይቋረጥ ተሰጣቸው። አሁን ይህን ቁጥር በወንድምዎ ክብደት ያስሉት። 66 በ60 ሲባዛ 3,960 ሚሊግራም ነው፤ በየሰዓቱ። በ24 ሲባዛ 95,000 ሚሊግራም አካባቢ ይሆናል። ከተላከልዎት ክኒን 95 ፍሬ ማለት ነው፣ በአንድ ቀን። ይህን ማንም በአፉ ሊውጠው አይችልም፣ ቢውጠውም አንጀቱ አይቀበለውም።

ውጤቱ ምን ሆነ? ቫይታሚኑን ያገኙት ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ፈሳሽ ወደ 45 በመቶ ቀነሰ። እብጠታቸው አነሰ፤ በመተንፈሻ ማሽን ላይ የቆዩባቸው ቀናትም አጠሩ። በሞት መጠን ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሕሙማኑ የተመደቡትም ሆስፒታል በገቡበት ወር ነው እንጂ በእውነተኛ ዕጣ አልነበረም። በ2011 አሜሪካ ውስጥ የ33 ሕሙማንን መዝገብ ወደ ኋላ ሄዶ ያየ ጥናትም የፈሳሹን መቀነስ አረጋገጠ እንጂ ሰው አተረፈ የሚል ማስረጃ አላመጣም። በ2019 ደግሞ ከብዙ የጃፓን ሆስፒታሎች መዝገብ የተሰበሰበ መረጃ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት 10 ግራምና ከዚያ በላይ የወሰዱት ላይ ሞት አንሶ ታየ ብሏል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ አልክድም። ግን መዝገብ ማገላበጥ ነው። ቫይታሚኑን የሰጠው ሐኪም በሌላውም ነገር የተሻለ ሕክምና ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ከመዝገብ ላይ ሙሉ በሙሉ መለየት አይቻልም።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ጥናቶች ሁሉ የሚያወሩት ስለ መጀመሪያዎቹ 24 እና 48 ሰዓታት ነው። ደም ስሩ በሚያንጠባጥብበት ጊዜ ማለት ነው። የወንድምዎ ደም ስር ማንጠባጠቡን ካቆመ አሥር ቀን ሆኖታል። ያ በር ተዘግቷል። ሐኪሙ «አሁን አያስፈልገውም» ሲልዎት ምናልባት ምክንያቱን አላብራራልዎትም ይሆናል፤ በሥራ ብዛት ይሁን በሌላ፣ ይህ ትክክል አይደለም፤ ቤተሰብ ምክንያቱን መስማት ይገባዋል። ቃሉ ግን ልክ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። በ12ኛው ቀን ላይ ላለ የቃጠሎ ሕመምተኛ ትልቁ ጠላት ኢንፌክሽን ነው። በ2022 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ኢንፌክሽን ደማቸውን አዳርሶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ 872 ሰዎችን ወስዶ፣ ለግማሾቹ ከፍተኛ ቫይታሚን ሲ በደም ስር ሰጣቸው፤ በየስድስት ሰዓቱ ለኪሎ 50 ሚሊግራም፣ እስከ አራት ቀን። ይጠቅማል ተብሎ ነበር የተጀመረው። በ28ኛው ቀን ሲታይ ግን ቫይታሚን ሲ ካገኙት 44.5 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 38.5 በመቶ የሚሆኑት ወይ ሞተዋል፣ ወይ የአካል ክፍላቸው ከሥራ ውጪ ሆኖ ቀርቷል። የባሰባቸው ያገኙት ናቸው። ጥናቱ በቃጠሎ ሕሙማን ላይ የተሠራ አይደለም። ነገር ግን ወንድምዎ ነገ ኢንፌክሽን ቢይዘው የሚመስለው እነዚያን ሰዎች ነው፤ በመጀመሪያው ሌሊት የነበረውን ራሱን አይመስልም። «ቫይታሚን ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን ነገር ከልብዎ ያውጡት የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ክኒኑ። ሰውነታችን ቫይታሚን ሲን በአፍ ሲወስድ ገደብ አለው። 200 ሚሊግራም ቢውጡ ሁሉም ማለት ይቻላል ይገባል። ከ1,000 በላይ ሲሆን ግማሹ ወይም ከዚያ ያነሰው ብቻ ነው የሚገባው፤ የተረፈው አንጀት ውስጥ ቀርቶ ውሃ ይስባል፤ ተቅማጥ ያመጣል። ለጤነኛ ሰው ተቅማጥ የአንድ ቀን ችግር ነው። ጭኑ ላይ አዲስ ቆዳ ለተተከለለት ሰው ግን እንደዚያ አይደለም። ፋሻው ይበላሻል። በሰገራ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የተተከለው ቆዳ ስር ይገባል፤ ነርሶቹ ፋሻውን በቀን አራት ጊዜ ሊፈቱት ይገደዳሉ፤ በተፈታ ቁጥር ሕመም አለ፣ ገና ያልያዘው ቆዳም አብሮ የመነሳት ዕድል አለው። ከሁለት ሳምንት ድካም በኋላ የተተከለ ቆዳ በዚህ ምክንያት ሲላቀቅ ማየት ልብ ይሰብራል።

ኩላሊቱም አለ። ቫይታሚን ሲ ሰውነት ውስጥ በከፊል ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል። ኦክሳሌት ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ኩላሊት ውስጥ እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ይጋገራል። ሰፊ ቃጠሎ ያለበት ሰው ኩላሊት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም አንሶት ቆይቷል፤ ምናልባትም ኩላሊት የሚከብዱ አንቲባዮቲኮች እየወሰደ ነው። እርስዎ የክሬቲኒኑን (ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የደም ምርመራ) ቁጥር አያውቁም፤ ሐኪሙ ያውቃል። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባል ኤንዛይም በተፈጥሮ ያነሳቸው ሰዎችም አሉ፤ እነሱ ላይ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ በደም ስር ሲገባ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈራርሳሉ። ብዙዎቹ ይህ እንዳለባቸው አያውቁም፤ ያለ ምርመራ ደግሞ አይታወቅም።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት ከፍተኛ ቫይታሚን ሲ በደም ስር ተጀምሮለት ከሌላ ቦታ የተላከ ሕመምተኛ ነበረን። የጣት ስኳር መለኪያው ከ300 በላይ እያሳየ ኢንሱሊን ተጀመረለት። ከአንድ ሰዓት በኋላም ቁጥሩ አልወረደ፤ ኢንሱሊኑ ተጨመረ። ሰውየው ግንባሩ በላብ ተጠመቀ፣ ንግግሩ ተንተባተበ። ደሙን ላብራቶሪ ስንልክ እውነተኛው ስኳር 48 ነበር። አንዳንድ የጣት መለኪያዎች ቫይታሚን ሲን ከስኳር መለየት አይችሉም፤ ሁለቱም ለመሣሪያው ኤሌክትሮን ይሰጡታልና እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ባንደርስበት ኖሮ ያ ሰው በኢንሱሊን ይሞት ነበር። በክኒን መጠን ይህ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ኩላሊት ሲደክም ግን ቫይታሚኑ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ የቃጠሎ ሕሙማን ደግሞ ብዙዎቹ ስኳር ባይኖርባቸውም ስኳራቸው ከፍ ስለሚል ኢንሱሊን ይሰጣቸዋል። ነርሷ ቫይታሚኑ እየገባ መሆኑን ካላወቀች በመለኪያው ላይ የምትጠራጠርበት ምንም ምክንያት የላትም። በድብቅ የመስጠት አደጋው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ቫይታሚን ሲ አያስፈልገውም ማለቴ አይደለም። በጣም ያስፈልገዋል። ቁስል የሚያያዘው ኮላጅን በሚባል፣ ቆዳን እንደ ገመድ በሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ ኮላጅን ደግሞ ያለ ቫይታሚን ሲ ጠንካራ ሆኖ አይገመድም። በዚህ ላይ በጣም የምወደው ታሪክ የጆን ክራንደን ነው። በ1939 ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሳለ ቫይታሚን ሲ የሌለበት ምግብ ብቻ እየበላ ራሱን ለወራት ፈተነ። በሦስተኛው ወር ገደማ ጀርባው ላይ ቁስል አስከፈተ፤ ቁስሉ በደንብ ዳነ። ስድስት ወር ሲሆነው ሌላ ቁስል ተከፈተ፤ ይህኛው ላዩ የተገጠመ ይመስላል እንጂ ውስጡ አልተያያዘም። ከዚያ ቫይታሚን ሲ በደም ስር ተሰጠው፤ ቁስሉም ዳነ። የክራንደን ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። ቫይታሚን ሲ ፈጽሞ ሲጠፋ ቁስል አይድንም። ጤነኛ ሰው ግን እዚያ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል።

የተቃጠለ ሰው ያን ያህል ጊዜ የለውም። ፍሪ ራዲካሎቹ ቫይታሚኑን ይጨርሱታል፤ ከቁስሉ በሚፈሰው ውሃም ይወጣል። ደሙ ውስጥ ያለው በቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ሰፊ ቃጠሎ ላለበት አዋቂ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በቀን ከ500 እስከ 1,000 ሚሊግራም ነው፤ በምግብ ቱቦ፣ በአፍ ወይም በደም ስር። ይህ የጠፋውን መተካት ነው፤ ከዚያ ከ95 ግራሙ ጋር አይምታታ። ሴሌኒየም፣ ዚንክና ኮፐርም (መዳብ) እንዲሁ ናቸው። ከቁስሉ ከሚፈሰው ፈሳሽ ጋር በብዛት ይወጣሉ፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች እነዚህን ማዕድናት በደም ስር መተካት ኢንፌክሽንን፣ በተለይ የሳንባ ምችን፣ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የአውሮፓ የሕክምና ምግብ መመሪያም በ2013 ይህን ተቀብሎታል። የሚሰጡት እንደ ቃጠሎው ስፋት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ በዚህ ሁሉ የአንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ፍሪ ራዲካልን የሚያበርዱ ነገሮች፣ ወሬ ውስጥ እኔ በብዛት የምተማመነው በዚህኛው ነው። ብዙ ሰው ስለ ቫይታሚን ሲ ያወራል፤ ስለ ኮፐር የሚጠይቀኝ ቤተሰብ ግን ገና አላጋጠመኝም።

እዚህም ገደብ አለ። ሴሌኒየም በሚፈለገውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ ሲበዛ ጸጉርና ጥፍር ያረግፋል፣ ነርቭም ይጎዳል። ዚንክ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሲበዛ ኮፐርን ከአንጀት እንዳይገባ ይከለክለዋል። ወንድምዎ በቱቦ የሚሰጠው የተዘጋጀ ምግብ ከሆነ እነዚህ ነገሮች አስቀድመው ተመጥነው ገብተውበታል። እርስዎ ከላይ ሲጨምሩበት ሁለት ጊዜ ወሰደ ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ መዝገቡ ላይ የጻፈው ማንም የለም።

ቫይታሚን ኢን በተመለከተ፣ በአፍ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ለሚውል የቃጠሎ ሕመምተኛ የደም መርጋት መከላከያ መርፌ ይሰጠዋል። ከፊቱ ደግሞ ሌላ ቀዶ ሕክምና አለ። የተቃጠለ ቆዳ ሲነሳ ብዙ ደም ይፈስሳል፤ ሐኪሙ ያላወቀው ደም ማቅጠኛ ሲጨመርበት አስቡት። ቫይታሚን ኤ ጥያቄዎ ውስጥ የለም፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከነዚህ ጋር አብሮ ይላካል። በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ይጠራቀማል፣ ጉበት ይጎዳል። እርጉዝ ሴት ያለ ትእዛዝ ልትወስደው አይገባም።

እንክብሉን አፍርጦ መቀባት? አይቀቡት። ይህ ምክር ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር የኖረ ነው፤ ሲፈተሽ ግን አልቆመም። በ1986 የታተመ ጥናት ከቃጠሎ በኋላ የማስተካከያ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች አይቶ ቫይታሚን ኢ መቀባት ጠባሳውን እንዳልቀነሰ ዘገበ። በ1999 በቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ የተደረገ ትንሽ ጥናትም ጥቅም አላገኘበትም፤ ከተሳታፊዎቹ ሲሶ ያህሉ እንዲያውም ቆዳቸው ተቆጣ። አዲስ የተተከለ ቆዳ ስስ ነው፤ ከተቆጣና ካሳከከ ያከዋል፣ ካከከው ይቆስላል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ሽታ የሌለው ተራ ማለስለሻ ቅባት ይበቃዋል። ለጠባሳው የሚጠቅሙት በልኩ የተሰፋ የሚያጠብቅ ልብስ፣ የሲሊኮን ልጣፍ፣ ማሸት፣ ከፀሐይ መሸፈንና በየቀኑ መገጣጠሚያን ማንቀሳቀስ ናቸው። በተለይ እጆቹን። ጣቶች ሳይዘረጉ የዳነ እጅ በኋላ ብርጭቆ አይጨብጥም።

ታዲያ እርስዎ ምን ያድርጉ? ብልቃጦቹን በፌስታል ያድርጉና ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ያሳዩ። ተደብቀው አይቀመጡ። ከዚያ ይህን ይጠይቁ፦ አሁን ቫይታሚን ሲ፣ ዚንክ፣ ሴሌኒየምና ኮፐር እያገኘ ነው ወይ? በስንት መጠን? በምን መንገድ? ኩላሊቱ እንዴት ነው? መልሱ «እያገኘ ነው» ከሆነ በቃ፣ የእርስዎ ክኒን ቦታ የለውም። «አላዘዝንለትም» ከሆነ ደግሞ «የቃጠሎው ስፋት 40 በመቶ ሆኖ ለምን አልታዘዘም?» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ድፍረት ነው ቢሉዎትም ይጠይቁ። ምናልባት የተላከልዎት ቫይታሚን ሲ ራሱ ሊታዘዝለት ይችላል፤ ያኔ መዝገብ ላይ ተጽፎ፣ በነርሷ እጅ፣ በልኩ ይሰጠዋል።

ለክኒኑ ያሰቡትን ጉልበት ሳህኑ ላይ ያውሉት። ሰፊ ቃጠሎ ያለበት ሰው ሰውነት ልክ ሳያቋርጥ እንደሚሮጥ ሰው ምግብ ያቃጥላል፤ ምግብ ካላገኘ የራሱን ጡንቻ ይበላል። የሚያስፈልገው ፕሮቲን ለኪሎ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። ለወንድምዎ በቀን ከ90 እስከ 120 ግራም። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም ፕሮቲን ነው ያለው፤ በእንቁላል ብቻ ቢቆጠር ከ15 እስከ 20 እንቁላል ይሆናል። ይህን አንድ የታመመ፣ አፉ የመረረው፣ በሕመም ማስታገሻ የፈዘዘ ሰው በአፉ ብቻ ሊጨርሰው አይችልም። ቱቦው የሚገባው ለዚህ ነው፤ ቤተሰብ ሲያየው ቢደነግጥም። የምግብ ሳህኑ ግማሹ ሳይነካ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሰው የለም። እርስዎ ይዩት። በማስታወሻ ይጻፉት፦ ጠዋት ምን ያህል በላ፣ ለቀዶ ሕክምና ተብሎ ስንት ሰዓት ጾመ፣ ቀዶው ሲሰረዝ ምግቡ ወዲያው ተመለሰለት ወይስ እስከ ማታ ባዶ ሆዱን ዋለ? ይህች ወረቀት በየቀኑ ጠዋት ለሐኪሙ ስትደርስ ከማንኛውም ብልቃጥ በላይ ትሠራለች። ሦስት ሕሙማን በዚህ ምክንያት ክብደታቸው ሲያሽቆለቁል በጊዜ ደርሰንበታል፤ ሁሉንም የነገሩን አስታማሚዎች ናቸው።

«ግን ተስፋ የተጣለበት ነገር ሁሉ ለምን አይሞከርም?» ቢሉኝ፣ ግሉታሚን የሚባለውን አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱን) ላንሳልዎት። ለዓመታት ለቃጠሎ ሕሙማን ይመከር ነበር፤ ትናንሽ ጥናቶች ደግፈውት ነበር፤ እኔም አዝዤዋለሁ። በ2022 ግን 1,200 በሚጠጉ ከባድ ቃጠሎ ባለባቸው ሰዎች ላይ በዕጣ ተሞከረና ከሆስፒታል ቶሎ አላስወጣም፣ ሞትንም አልቀነሰም። ከዚያ ወዲህ ማዘዝ አቆምኩ። በከፍተኛ መጠን የሚሰጠውን ቫይታሚን ሲም በተመሳሳይ ዓይን ነው የማየው። በመጀመሪያው ቀን፣ ፈሳሹ ከቁጥጥር እየወጣ ላለ ሕመምተኛ፣ ኩላሊቱና ሽንቱ በየሰዓቱ በሚታይበትና ስኳሩ በላብራቶሪ በሚለካበት ቦታ፣ ልምዱ ያለው ቡድን ቢሰጠው አልቃወምም። በዚያም ጊዜ ቢሆን መድኃኒቱ ራሱ ውሃ በሽንት ስለሚያስወጣ ሽንቱ በቂ መስሎ ሐኪሙን ሊያታልለው ይችላል። በ12ኛው ቀን፣ በአፍ፣ በጭማቂ ተደብቆ ግን፣ አይሆንም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ጥያቄዎን ከላኩ በኋላ ምናልባት ሁለት ሦስት ክኒን ሰጥተውት ከሆነ አይደናገጡ፤ ሁለት ሦስት ክኒን አብዛኛውን ጊዜ ከሆድ ቁርጠትና ከተቅማጥ በላይ አያደርስም። ግን ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ምን እንደሰጡ፣ ስንት እንደሰጡ፣ በስንት ሰዓት እንደሰጡ። ኢንሱሊን የሚሰጠው ከሆነ ደግሞ ለነርሷ የሚነግሯት የሚቀጥለው የጣት ስኳር ልኬት ከመድረሱ በፊት ይሁን።